ወንዝ ማዶ፣ ሁለት ሰው የቀረ!

ዛሬ ጠዋት የታክሲ ረዳት የሰፈራችንን ስም ጠራ።

ይሄ ለእናንተ ዜና ላይመስላችሁ ይችላል። አልፈርድባችሁም፤ የእናንተ ሰፈር በየቀኑ ይጠራል። የእኛ ግን ካለፈው ሐምሌ ወዲህ ተጠርቶ አያውቅም ነበር። ዳቦ ልገዛ አስፋልቱ ድረስ ወጥቼ ስመለስ አንድ ሚኒባስ ቆሟል፤ ረዳቱ ግማሽ አካሉን በበሩ አውጥቶ «ወንዝ ማዶ! ወንዝ ማዶ! ሁለት ሰው የቀረ!» ይላል።

«የት?» አልኩት፣ ጆሮዬን አላመንኩትም።

«ወንዝ ማዶ። አትገቢም እንዴ?»

«በድልድዩ ተሻግረህ?»

«አይ፣ በላዩ በርሬ!» አለና ሙድ ያዘብኝ። «ግቢ እንጂ እናት፣ ዳቦው ቀዘቀዘ!»

በእግሬ ብሄድ ዳቦው ትኩስ እንደሆነ የምደርስበትን መንገድ በታክሲ ሄድኩት። አዲሱ ድልድይ ላይ ስንወጣ ተሳፋሪው ሁሉ በመስኮት አንገቱን አሰገገ፤ አንዲት ሴትዮ እንደውም አጨበጨቡ። ወርጄ እየሮጥኩ ቤት ስገባ አባቴ ለፋብሪካ ፈረቃው እየተዘጋጀ፣ አንድ ካልሲ አጥልቆ ሌላውን ከካርቶኖቹ መሃል ይፈልጋል።

«አባዬ፣ ታክሲ መጣ!»

«የት መጣ?»

«እዚህ! ስማችንን እየጠራ! እኔን ራሴን አመጣኝ!»

ካልሲውን ተወው። በአንድ እግሩ ባዶ ወደ በር ወጥቶ ሚኒባሱ ሰፈራችን መሃል ዞሮ እስኪጨርስ ድረስ አየው። ከዚያ ወደ እናቴ ዞሮ፣ «በሉ፣ ካርቶኖቹን ፍቱ» አለ።

እናቴ እልልታዋን አቀለጠችው። እኔ ዳቦውን እንዳቀፍኩ ዘለልኩ።

አሁን ስለ ካርቶኖቹ ልንገራችሁ፤ አለበለዚያ ዕቃ ፍቱ ስለተባለ የምትዘል ልጅ ምን ነክቷት ነው ትላላችሁ።

ወንዝ ማዶ የምንለው ሰፈር ሰበታ ውስጥ፣ ከጅማ መንገድ ገባ ብሎ፣ ከአንድ ትንሽ ወንዝ ወዲያ ያለ ነው። ወንዙን በበጋ ስታዩት ወንዝ ብሎ መጥራቱ ያሳፍራል፤ ዶሮ እግሯን ሳታርስ ትሻገረዋለች። መንገዳችን የሚያልፍበት ቦታ ላይ ከስር የሲሚንቶ ቱቦ ተቀብሮ፣ ከላዩ ገረጋንቲ ተደፍቶበት ነበር። የመጠጥ ውሃችን ቧንቧም በዚያው ላይ ነበር የሚሻገረው። ሰፈሩ ሁሉ፣ ሰዉም ባጃጁም ውሃውም፣ በዚያች በአንዲት ቱቦ ጀርባ ላይ ይኖር ነበር ማለት ይቻላል።

ባለፈው ሐምሌ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናብ ዘነበ። «ዘነበ» ብዬ ስጽፈው ቀለለብኝ። ዝናብማ ድሮም ይዘንባል። የልብ ጓደኛዬ አያት፣ ሰፈሩ በሙሉ «ኦቦ» እያለ የሚጠራቸው ሽማግሌ፣ ልዩነቱን እንዲህ ነው የሚያስረዱት፦ «የድሮ ዝናብ እንግዳ ነበር። ደጅ ቆሞ ያንኳኳል፣ ቀስ ብሎ ይገባል፣ ሲጫወት ውሎ ይሄዳል። ያሁኑ ሌባ ነው። ጠፍቶ ጠፍቶ፣ የመጣ ዕለት በር ሰብሮ ነው።»

ያን ቀን በር ሰብሮ የገባው ሌባ ቱቦውንም፣ ገረጋንቲውንም፣ ቧንቧውንም ይዞ ሄደ። መንገዱ ሁለት ቦታ ተቆረጠ። ደጃችን ላይ ቡናማ ውሃ ይጋልባል፣ ቧንቧ ብንከፍት ግን ጠብ የሚል የለም። እናቴ ባዶ ባልዲዋን ይዛ ጎርፉ ዳር ቆመችና «ውሃ ውሃችንን ወሰደው!» ብላ ሳቀች። እናቴ ስትናደድ ነው እንደዚያ የምትስቀው።

ከዚያ በኋላ ታክሲም ባጃጅም ቀረ። ባሕር ዛፍ አጋድመን በላዩ መሻገር ጀመርን፤ ወንዙ ሲሞላ እሱንም ይወስደዋል፣ እኛም ሌላ እናጋድማለን። ግንዱ በሌለበት ቀን አባቴ በላይኛው ሰፈር ዞሮ ነው ፋብሪካው የሚደርሰው። አባቴ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ነው፤ ከደቡብ ለዚሁ ሥራ ነው የመጣው፣ በሥራው ቀልድ አያውቅም። ግን አረፈደ። ደግሞ አረፈደ። አለቃው ጠርቶ «ወንዝህ ሲጎድል ነው የምትመጣው ወይስ ፈረቃህ ሲደርስ?» አለው። ለሌላ ሰው ቀልድ ይሆናል። አባቴ ግን ማታ እራት ላይ ሲነግረን ድምፁ አልሳቀም።

«እንለቃለን» አለ። «ፋብሪካ የሌለበት ከተማ የለም። እኛ መንገድ ያለበት ነው የምንፈልገው።»

እናቴ በማግስቱ ካርቶን ለመነች፤ ዕቃችን መታሸግ ጀመረ።

እኔ ግን መልቀቅ አልፈለግኩም። ከጓደኛዬ ጋር የምንለያየው በአንድ የቆርቆሮ አጥር ነው፤ አጥሩ ላይ ያለችው ቀዳዳ ከማንኛውም ስልክ ትበልጣለች። አፋን ኦሮሞ የተማርኩት በእሷ በኩል ነው። ትምህርት ቤትም አንድ ዴስክ ላይ ነን። እናቴና አባቴ ግን «አዲስ ጓደኛ ታፈሪያለሽ» አሉኝ፣ ሽንኩርት እንደማፍራት!

ቤት ፍለጋው መጀመሪያ ወደ ቡራዩ ሆነ፤ አክስቴ እዚያ ናት። በገፈርሳ በኩል ስናልፍ ግድቡ ጢም ብሎ ሞልቷል። በጋው ላይ በዚያው ሳልፍ ዳር ዳሩ ተሰነጣጥቆ፣ ውሃው ወደ መሃል ሸሽቶ ነበር ያየሁት። ዓይናፋር የነበረ ሰው ድንገት ሠርግ ላይ ሲጨፍር እንደማየት ነው።

አከራዩ ያሳዩን ቤት አንደኛ ነው። ንጹሕ፣ ብርሃን ያለው፣ የጽጌረዳ ተክል ያለው። አንድ ችግር ብቻ፦ ዳገቱ ላይ የነበረው ኮብልስቶን የለም። ጎርፉ ድንጋዮቹን እያንዳንዳቸውን ነቅሎ፣ እያንከባለለ ወስዶ ታች ሰፈር ከምሯቸዋል።

«መንገዱስ?» አላቸው አባቴ።

«መንገዱማ አለ» አሉ አከራዩ ቅር ብሏቸው። «ትንሽ ወደ ታች ወረደ እንጂ።»

አክስቴ በእጇ አፏን ይዛ ሳቀች። የላይ ሰፈር ሰዎች ታች ወርደው «ይሄ ከእኛ በር ላይ የነበረው ድንጋይ ነው» እያሉ ሲከራከሩ መሰንበታቸውን ነገረችን። ታች ሰፈሮች ደግሞ «ራሱ መጣ እንጂ እኛ አልጠራነውም» ብለው እምቢ ብለዋል።

በሚቀጥለው ሳምንት ሱሉልታ ሄድን፤ አዲስ አበባን አቋርጠን፣ የእንጦጦን ጀርባ ወርደን። ደላላው በስልክ ለአባቴ «ሜዳ ነው፣ ዳገት የለው፣ ጎርፍ ከየት ይወርዳል?» ብሎት ነበር። እውነቱን ነው፣ ጎርፍ አይወርድም። የመጣው ውሃ በሙሉ እዚያው ተቀምጧል! ሜዳው ሐይቅ ሆኗል። የመብራት ምሰሶዎቹ ውሃው መሃል ቆመዋል፤ አንዱማ ደክሞት ጓደኛው ላይ ሊደገፍ ያዘመመ ይመስላል። ደላላው ራሱ እስከ ጉልበቱ ቦቲ አጥልቆ ነው የጠበቀን፤ እኛን ቦቲ አምጡ አላለንም።

«ቤቱ ያ ነው» አለ፣ ውሃው ማዶ ያለ ቆርቆሮ እያሳየ።

«መንገዱ የታለ?»

«ከስር አለ።»

አባቴ ሰላም ብሎት ዞረ። ሚኒባስ ውስጥ ገብተን ትንሽ እንደሄድን ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። አለቀሰ ብዬ ደነገጥኩ። ለካ እየሳቀ ነው። «የቡራዩ መንገድ ወርዷል፣ የሱሉልታው ሰጥሟል፣ የእኛው ተሰዷል» አለ እንባውን እየጠረገ። «እንግዲህ ወዴት ነው የምንሄደው?»

በዚያው መንገድ ላይ ውሳኔውን አሻሻለው። ክረምቱ ሲያልፍ ለወንዝ ማዶ አዲስ ድልድይ ይሠራል ተብሏል። ይሠራና አንድ ትልቅ ዝናብ ያሳልፍ። ካሳለፈ እንቀመጣለን። ካላሳለፈ አገር ቤት ወንድሙ ጋ እንገባለን፤ የመጨረሻ ቃሉ ነው። ካርቶኖቹ እስከዚያ አይፈቱም።

ከካርቶን ጋር ኖራችሁ ታውቃላችሁ? እናቴ ቶሎ ቶሎ የሚፈለገውን ዕቃ ሁሉ ከታች አሽጋው ኖሯል። ወጥ በደረሰ ቁጥር ጭልፋ ፍለጋ ነው። ጭልፋው ይገኛል፣ በማግስቱ እናቴ ከልማድ መልሳ ታሽገዋለች። ያን ዓመት ስንት ወጥ በሻይ ብርጭቆ እንደተጨለፈ እኛ ነን የምናውቀው።

መስቀል ካለፈ በኋላ ድልድዩን የምትሠራው መሐንዲስ መጣች። ወጣት ናት፣ ጫማዋ ጭቃ፣ ሳቂታ። የተረፈውን የቱቦ ስባሪ አየችና «ይሄ ሲቀበር ጥፋት አልነበረበትም» አለችን። «የተለካው ግን ለድሮው ዝናብ ነው። ያሁኑ በቀን የሚወርደውን በአንድ ሰዓት ይደፋዋል። ፀሐዩም ሲመጣ አፈሩን ያደርቀዋል፣ ይሰነጥቀዋል፤ የተሰነጠቀ ደግሞ ለሚቀጥለው ጎርፍ ቀላል ነው።»

ወዲያው ትዝ ያለኝ የሰባተኛ ክፍል ዩኒፎርሜ ነው። ሲሰፋ ልክ ነበር። ልብስ ሰፊውም አልተሳሳተ፣ ጨርቁም አልከፋ፤ እኔ ነኝ ያደግሁት።

«ለአዲሱ ዝናብስ እንዴት ይለካል?» አልኳት።

«ሰፋ፣ ከፍ አድርገን ነዋ። ቧንቧውንም ጎርፍ የማይደርስበት እናደርገዋለን። ዝናቡ ግን ገና እያደገ ነው» አለችና ቀና ብላ መንገዳችንን አየች። «እነዚህ ምንድን ናቸው?»

ማዳበሪያዎቻችን ናቸው። እዚህ ላይ የሰፈሬን ጉድ ላውጣ።

ነገሩን የጀመሩት ባለሱቋ እትዬ ናቸው። ሱቃቸው ከመንገዱ ራስ ላይ ነው፤ ከጥቂት ክረምቶች በፊት ጎርፍ ገብቶ ስኳራቸውን ሽሮፕ አደረገባቸው። እሳቸውም በማዳበሪያ አፈር ሞልተው በራቸው ላይ ደረደሩ። ውሃው ከእሳቸው በር ዞሮ ወደ ቀጣዩ ቤት ሄደ። ቀጣዩ ቤት ከፍ አድርጎ ደረደረ። ከዚያ የሚቀጥለው ከእሱ አስበልጦ። እኛም ደረደርን፣ ኦቦም ደረደሩ። በዚያ ላይ ድሮ በየበራችን ያልፍ የነበረውን ቦይ ለመግቢያ ይመቸን ብለን ደፍነነዋል። ውሃ እንግዲህ ከሁሉም በር ተባርሮ፣ መንገዱ መሃል ተሰብስቦ፣ ተናድዶ ቁልቁል ይወርዳል። መጨረሻው ላይ የሚጠብቀው ያ ምስኪን ቱቦ ነው።

«ድልድዩን እንሠራላችኋለን» አለች መሐንዲሷ። «ውሃውን እንዲህ እየተወራወራችሁ ከላካችሁበት ግን ሰፊው ድልድይም አይችለውም። ቦዩ ይከፈት፣ ማዳበሪያው ይነሳ።»

ሁሉም ሰው «ትክክል!» አለ። ማንም ግን አላነሳም። በጋው እየገፋ፣ የድልድዩ ግንብ እየቆመ፣ ማዳበሪያዎቹ እንዳሉ ናቸው። ቀድሞ ያነሳ ሰው የሰፈሩን ጎርፍ ብቻውን ይጠጣታላ! ስብሰባ ተጠራ።

«እኔ ላንሳ?» አሉ እትዬ። «እኔ ካነሳሁ ስኳሬ ዋና ሊማር ነው!»

«የጀመሩትማ እርስዎ ነዎት» አለ አባቴ በትሕትና።

«የጀመረውማ ውሃው ነው! አንተስ የደረደርከው ከእኔ እጥፍ አይደል እንዴ? የከተማ ቅጥር መስሎኝ ነበር!»

ሰው ሳቀ፤ አባቴም ሳቀ፤ ማዳበሪያዎቹ ግን አልተነቃነቁም። በመጨረሻ ኦቦ ከዘራቸውን መሬት ላይ መታ መታ አደረጉ። «ይሄ የስብሰባ ሥራ አይደለም፣ የደቦ ሥራ ነው» አሉ። «ጤፍ ሲታጨድ ማን ጀመረ ተብሎ ይጠየቃል? በደቦ ሁሉም አብሮ ጎንበስ፣ አብሮ ቀና ነው። በአንድ ቀን፣ በአንድ ድምፅ።»

ድምፁ የአባቴ እንዲሆን ተመረጠ፤ መዘምራን ውስጥ ስለሚዘምር ከወንዝ ወዲያ ይሰማል።

ቀኑ ቅዳሜ ነበር፣ በመጋቢት። ሁሉም በየበሩ፣ በየማዳበሪያው ፊት ቆመ። አባቴ «አንድ፣ ሁለት፣ አንሱ!» ብሎ ጮኸ። ማንም አላነሳም። ሁሉም ጎረቤቱን ያያል። «አንድ፣ ሁለት፣ አንሱ!» አሁንም ያው፤ እንደውም አባቴ ራሱ ቆሞ እትዬን እያየ ነው። ኦቦ በዚህ ጊዜ በጣም ሳቁና «ዓይን ጨፍኑ!» አሉ። «ሁላችሁም! ሽማግሌም ሕፃንም!»

ጨፈንን። አባቴ ለሦስተኛ ጊዜ ጮኸ። እኔ በአንድ ዓይኔ ሰርቄ አየሁ፣ መታገሥ አልቻልኩማ። ዓይኑን የጨፈነ መንገድ ሙሉ ሰው፣ እያቃሰተ፣ እያዘመመ፣ ማዳበሪያ ይዞ ከመሬት ሲነሳ! እትዬ ከሁሉም በላይ ከፍ አድርገዋል። በአጥሩ ጥግ በኩል አንድ ሌላ ክፍት ዓይን አየኝ። የጓደኛዬ ነበር።

ከዚያ በኋላ ቦይ ሲቆፈር ዋለ። ማዳበሪያዎቹን ተሸክመን መሐንዲሷ ባሳየችን ቦታ፣ የወንዙ ዳር እንዳይሸረሸር ደረደርናቸው። ጓደኛዬ ቤት የገብስ ጩኮ በቅቤ ተለውሶ ቀረበ። እትዬ ሁዳዴን ስለሚጾሙ በዓይናቸው ብቻ ቀመሱትና «ለፋሲካ አስቀምጡልኝ፣ ብትክዱኝ ማዳበሪያዬን እመልሳለሁ» አሉ።

ድልድዩ አለቀ። ቧንቧውም ተመለሰ። ታክሲዎቹ ግን አላመኑንም፤ «አንድ ዝናብ ይለፍና እናያለን» አሉ፣ ልክ እንደ አባቴ። ሰፈሩ ሁሉ ተፈታኝ ልጅ ሆኖ ዝናብ መጠበቅ ጀመረ። ዝናብን ስንጠብቀው ደግሞ ቀረ። ሚያዝያ ደረቅ ሆነ፣ አቧራው ዓይን አያስገልጥም።

ትናንት ከሰዓት በኋላ መጣ።

ከነበረዶው መጣ። ቆርቆሮው ላይ ድንጋይ የሚደፋ እስኪመስለን ድረስ፣ ተጯጩኸን እንኳ አልተሰማማንም። ሁላችንም በረንዳ ላይ ወጣን። ውሃው ከላይ ወረደ፣ የእትዬን በር አየው፣ ቦዩን አየው፣ ገባበት። ቀጣዩም ቤት፣ ቀጣዩም። የእኛ በር ጋ ሲደርስ ግን ቦዩ ሞላና ውሃው ወደ ደረጃችን ወጣ። የመጀመሪያውን ደረጃ ሸፈነ። የአባቴ እጅ ሳያስበው ድሮ ማዳበሪያ ወደነበረበት ሄደ።

«ተው!» አለች እናቴ።

«እጄ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም!»

እኔ ሁለተኛውን ደረጃ አፍጥጬ አያለሁ። ከዚያ በላይ ካርቶኖቹ ናቸው፣ ከካርቶኖቹ ቀጥሎ አገር ቤት። ውሃው ሁለተኛውን ደረጃ ላሰው፣ ቆመ፣ አንድ ነጠላ ጫማ ይዞ ቀስ እያለ ወረደ። የማን ጫማ እንደሆነ እስካሁን አልታወቀም።

ዝናቡ ሲያባራ ሁሉም ወደ ድልድዩ ሮጠ። ወንዙ ያቺ የዶሮ መሻገሪያ አይደለም፤ ቅርንጫፍ፣ ጠርሙስ፣ የማን እንደሆነ ያልታወቀ በር ጭምር ይዞ ያገሳል። ግን ከስር ነው የሚያገሳው። ከላዩ ገና ቦታ ይቀራል። ጥግ ላይ ትንሽ ገረጋንቲ ተበልቷል፤ ድልድዩ ግን እንደቆመ ነው። አባቴ መሃሉ ላይ ሄዶ በእግሩ ረገጥ ረገጥ አደረገው፣ ሐብሐብ እንደሚመርጥ ሰው። «ነገ ታክሲ ደፍሮ ከመጣ ካርቶኖቹ ይፈታሉ» አለ። የዛሬው ጠዋት ጥሪ ለእኔ ምን እንደነበር አሁን ገባችሁ?

ጭልፋው ሚስማሩ ላይ ተመልሷል። ሁለተኛው ካልሲ ተገኝቷል። ጓደኛዬ በቀዳዳዋ በኩል «አትሄጂም እንዴ? ዴስኩን ብቻዬን ልዘረጋበት ነበር እኮ!» ብላኝ ዓይኗን ጠረገች፤ አላየሁሽም አልኳት።

ኦቦ ግን ደስታችን አላዘናጋቸውም። ቦዩ በትናንቱ ዝናብ ግማሹ በደለል ሞልቷል፤ ዋናው ክረምት ደግሞ ገና ነው። «ኢንተሎ ኮ» አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፣ «ትጽፊ የለ? በይ ጥሪውን አድርሺ። ያልተጠራ ደቦ አይሞላም።»

ስለዚህ ጠርቻችኋለሁ። የግንቦት የመጨረሻ ቅዳሜ፣ ጠዋት፣ ቦይ እንጠርጋለን። አካፋ ያለው አካፋ፣ ቦቲ ያለው ቦቲ ይዞ ይምጣ፤ ጩኮው ከእኛ ነው፣ ያን ጊዜ ፍስክ ስለሆነ እትዬም ይሻሙበታል። ከቡራዩም ከሱሉልታም ኑ፣ እናንተ ጋ ሲጠረግ ደግሞ እኛ እንመጣለን፤ ዓይን መጨፈኑን እናስተምራችኋለን። ሰበታ አስፋልቱ ላይ ወርዳችሁ ጆሯችሁን ጣል አድርጉ። ረዳቱ «ሁለት ሰው የቀረ!» ሲል የቀራችሁት እናንተ ናችሁ። ኦቦ በራቸው ላይ ቆመው «ኮታ!» ይሏችኋል። ኑ ማለት ነው።